ከስሌቱ ውጪ የሆነችው ክፍል

ማልጃ እሷ የምታርፍበትን ክፍል ልጇ «ሰው የለበትም» ሲል የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ተንበርክካ የአረንጓዴውን ግድግዳ ሥር ስትወለውል ነው። ግድግዳው ከምድር እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ተክል ለብሷል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በቀጫጭን ቱቦ እየወረደ ያጠጣዋል፤ የተረፈው ደግሞ አፈር ይዞ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፣ ጭቃውን የምታነሳው ማልጃ ናት። ያን ዕለት ከቅጠሉ ወዲያ ማዶ አራት ሰዎች ቆመው ነበር፦ የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር፣ ከሴኡል የመጡ ሁለት መርማሪዎች፣ እና የሕንፃው የኃይል ክፍል ኃላፊ የሆነው ልጇ ታክሁን። ከመርማሪዎቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ወጣት፣ ፕላኑን እያገላበጠች ትጠይቃለች።

«ሁለተኛው ምድር ቤት ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለችው ይቺ ምንድን ናት?»

«የዕቃ ማከማቻ ናት።»

«ሰው ይገባባታል?»

«አይ፣ ሰው የለበትም» አለ ታክሁን። ቅንጣት አላመነታም። «ስለዚህ ማቀዝቀዣም አየር ማስገቢያም አልዘረጋንላትም። ከስሌቱ ውጪ ናት።»

«ጥሩ። እዚህ ላይ ነጥብ ታገኛላችሁ ማለት ነው።»

ማልጃ ጨርቋን እንደያዘች አጎንብሳ ቀረች። ልጇን አልታዘበችውም ቢባል ውሸት ነው፤ ግን መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ድምፁ እንዴት የአባቱን ድምፅ እንደመሰለ ነበር። ታክሁን ወደዚህ ሕንፃ ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን ሕንፃው ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ፣ በጽዳት ተቋራጭ ሥር፣ እዚሁ አለች። የመጣ ሰሞን ፊት ለፊት ሊነግራት አፍሮ በስልክ፣ «እማ፣ ሥራ ቦታ ላይ እንኳ ባንተዋወቅ… ሰው ያልሆነ ነገር ያወራል» ብሏት፣ እሷም «ገብቶኛል» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ እሷ «ኃላፊ» ትለዋለች፣ እሱም ለማንም እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። እሑድ ቤቷ ሲመጣ ቴሌቪዥን ከፍተው ሐብሐብ ይበላሉ። ስለ ሚስቱ እርግዝና ያወራሉ፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ስለ ሕንፃው ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ከተማችን በዚህ ቤተ መጻሕፍት የማትኮራበት ቀን የለም። መስታወቱ ጸሐይ በዞረች ቁጥር መጋረጃውን ራሱ ይዘጋል፣ ራሱ ይከፍታል። መቶ ሃምሳ ሜትር ወደ መሬት የተቀበሩ ቱቦዎች የምድሩን ቅዝቃዜ አውጥተው ንባብ ክፍሎቹን ያቀዘቅዛሉ፤ በነሐሴ ወበቅ ሕፃናት ሹራብ ደርበው ተረት የሚያነቡበት ቤት ነው። መጸዳጃው የሚለቀቀው በዝናብ ውሃ ነው። መብራት የሚነካ ሰው የለም፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይበራል፣ ለአምስት ደቂቃ የሚንቀሳቀስ ካጣ ደግሞ ይጠፋል። መግቢያው ላይ የቆመው ትልቅ ሰሌዳ ሕንፃው በዚያች ደቂቃ የሚበላውን ኤሌክትሪክ በቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ዝቅ ካለ አረንጓዴ፣ ከፍ ካለ ቀይ ይሆናል። መርማሪዎቹ ዛሬ የመጡት በኃይል ቁጠባ የመጨረሻውን ትልቁን ደረጃ ለመስጠት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ትእዛዙ አንድ ነበር፦ ሰሌዳው እንዳይቀላ።

ማልጃ ባልዲዋን ይዛ በአገልግሎት ደረጃው ወረደች። ሁለተኛው ምድር ቤት ስትደርሱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ የፓምፑ ድምፅ ነው፤ የዝናቡን ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው፣ ሙቀቱን ግን የትም አይወስደውም። ከታንከሩ ጎን፣ ከደረጃው ሆድ ሥር፣ ጣሪያዋ በአንድ በኩል ያዘነበለ ጠባብ ክፍል አለች። አምስቱ የጽዳት ሴቶች ወለሏ ላይ ካርቶን ዘርግተው፣ በላዩ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈውባታል። የሩዝ ማብሰያ፣ አንድ ማሰሮ ኪምቺ የሚሉት የኮመጠጠ ጎመን፣ የገብስ ሻይ የያዙ ጠርሙሶች፣ ግድግዳው ላይ ምስማር፣ በምስማሩ ላይ ልብስ። መስኮት የላትም። ያለቻቸው ንፋስ ከቆሻሻ መጣያ ያገኟት አንድ ቬንትሌተር ነበረች፤ አንድ ክንፏ የተሰበረ፣ ስትዞር እንደ አሮጊት የምትስል። አሁን በቦታዋ የለችም።

«ወሰዳት» አለች ኦክኒም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ትጨምቃለች። «ሱፐርቫይዘራችን ቤ መጥቶ ነቅሎ ወሰዳት። የሩዝ ማብሰያውንም ‹በጨርቅ ሸፍኑት› አለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እዚህ ሰው የለም አሉ።»

ኦክኒም የማልጃ ባል ታላቅ እህት ናት፤ ስልሳ ሰባት ዓመቷ። ታክሁን አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ማልጃ ጫማ ፋብሪካ ስትውል፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እዚህ ያስቀጠረቻት ደግሞ ማልጃ ናት።

«ምን አለ ሌላ?» አለች ማልጃ።

«ምን ይላል! የዕቃ ማከማቻ ነው አለን። እንግዲህ እኔ መጥረጊያ፣ አንቺ ባልዲ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ አጠራት፣ ግንባሯን በካልሲው ጠረገች። «ባልዲ መሆን ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ውሃ አለው።»

ማልጃ «ታክሁን ነው እንዲህ ያለው» ልትል አፏን ከፈተች። የኦክኒም ፊት ቀላ ብሎ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ተወችው። «ደህና ነሽ እትዬ?» አለቻት በምትኩ።

«ራሴን ትንሽ ዞር ያደርገኛል። ወበቁ ነው። አሁን ደግሞ ጣሪያ ላይ ውጪ ብለውኛል፤ ሶላሮቹ አቧራ ከለበሱ መብራት አይሰጡም ተባለ። እንደ መስታወት እንዲያብረቀርቁ ነው የሚፈልጉት።»

«እኔ ልውጣልሽ።»

«አንቺ ሦስተኛ ፎቅ አለብሽ። ደግሞ አንቺ ጉልበት የለሽም፣ እኔ ራስ የለኝም፤ ምን እንለዋወጣለን?»

ኦክኒም ጣሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ቆየች። በዚያን ቀን ከተማው ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነበር፤ በጥቁሩ የሶላር መስታወት መሐል ደግሞ ስንት እንደነበረ የለካው የለም። ማልጃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና በጣሪያው መስታወት በኩል ጥላዋን ታየው ነበር፤ ባለ ረጅም እጀታውን መወልወያ ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ቆም ስትል፣ እንደገና ስትሄድ። እንደዚያ ከበላያቸው ስትመላለስ ከታች ያሉት ተማሪዎች ለፈተና ያጠናሉ፤ አንዲት ልጅ እንዲያውም ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጥላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ጠፋ። ወርዳ ይሆናል አለች ማልጃ በልቧ። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጽዳት ሠራተኛ መርማሪዎቹ ባሉበት ፎቅ እንዳይታይ ተብሏል። የሚታረፍበት ሌላ ቦታ ደግሞ የለም። ንባብ ክፍል ገብቶ መቀመጥ ማንም አልከለከላቸውም፤ ግን አምና አንዷ ባልደረባቸው በዩኒፎርሟ ተቀምጣ መጽሔት ስታገላብጥ አንድ አንባቢ «ላብ ይሸታል» ብሎ ለዳይሬክተሩ ጽፎ፣ ከዚያ ወዲህ የሞከረ የለም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ማልጃ ታክሁንን ከመጸዳጃው ኮሪደር ላይ አገኘችው። ብቻውን ነበር። በእጁ ከታች ካፌ የተገዛ፣ በረዶው ገና ያልሟሟ ቡና ይዟል፤ በዚያ ካፌ አንድ ኩባያ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዎን ነው፣ ማልጃ ቀምሳው አታውቅም። ግራ ቀኝ አየች፣ ሰው የለም።

«ቬንትሌተሯን አስመልስልን» አለችው።

«እማ፣ እዚህ አይሆንም።»

«አክስትህ ጣሪያ ላይ ውላ ነው የወረደችው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቀረው። አሁን እዚያ አንድ ነገር ቢሰኩ በሲስተሙ ላይ ይታያል፤ ሰው እንዳለ ያውቃሉ። ያኔ የሁለት ዓመት ሥራ…» እናቱን አየት አድርጎ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። «እረፊ በያት። ይኼን ስጫት» ብሎ ቡናውን አስያዛትና ሄደ።

ማልጃ ቡናውን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ይዛ ወረደች። ደስ ብሏት ነበር፤ በኋላ ራሷን ይቅር ያላለችበት አንዱ ነገር ይኼ ነው፣ ደስ ብሏት ነበር። ልጄ ለአክስቱ ላከላት እላታለሁ፣ ብላ ነበር። የክፍሏ በር ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታክል መስታወት አለች። ማልጃ ከደረጃው ግርጌ ሆና ስታያት መስታወቷ ጨለማ ነበረች። መብራቱ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ሰው የለም። እነሱ እዚያ ሲያርፉ ሁልጊዜ ተራ ገብተው አንዷ እጇን ታወዛውዛለች፤ ኦክኒም «ይሄ ቤት ካልተወራጨሽ አለሽ አይልም» እያለች ተኝታም ቢሆን እግሯን ታራግብ ነበር። «እትዬ!» ብላ አንድ ጊዜ ተጣራች። ፓምፑ ይጮሃል። መልስ የለም። ፋርማሲ ሄዳ ይሆናል አለች፤ ከሕንፃው ጀርባ የራስ ምታት ኪኒን ገዝታ ታውቃለች። ቡናውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወደ ላይ ተመለሰች። በሩን አልከፈተችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ማልጃ በደንብ አታስታውስም። ፋርማሲው ጋ ሄዳ ጠየቀች፣ አልመጣችም አሏት። ጣሪያ ላይ ወጣች፣ ሶላሮቹ ዓይን እስኪያጠፉ ያብረቀርቃሉ፣ ሰው የለም። እንደገና ልትወርድ ስትል ሱፐርቫይዘር ቤ ጠራት፤ አንድ ሕፃን መግቢያው ላይ የእርጎ ጠርሙስ ደፍቷል፣ መርማሪዎቹ ደግሞ ለፎቶ እየወረዱ ነው። «ቶሎ በይ እናቴ፣ ቶሎ፣ ቶሎ!» ተንበርክካ ጠረገች። ከኋላዋ ሰዎች ተሰበሰቡ፣ ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበ። ሰሌዳው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ነበር። መነጽር ያደረገችው መርማሪ ለታክሁን ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ስትዘረጋለት፣ እሱ ሲስቅ፣ ማልጃ ከአምዱ ኋላ አየችው። ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ቬንትሌተሯን ከቤ ቢሮ ተቀብላ ታቅፋት ወረደች። ቡናው ደረጃው ላይ እንዳለ ነው፤ በረዶው ሟሙቶ ኩባያውን ውሃ አልብሶታል። በሩን በትከሻዋ ገፋችው። መብራቱ በራ።

ኦክኒም ግድግዳውን ዞራ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ የተጨመቀውን ካልሲ ግንባሯ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ክፍሏ የዳቦ መጋገሪያ አፍ ትመስላለች። «እትዬ፣ ይኸውልሽ፣ አመጣኋት» አለች ማልጃ፤ ጎንበስ ብላም ሶኬቱን ሰካች፣ ቬንትሌተሯ መሳል ጀመረች። ንፋሱ የኦክኒምን ጸጉር አነሳው። ያኔ ነው እጇን የነካቻት።

አምቡላንሱ የመጣው በኋላ በር፣ መጻሕፍት በሚራገፍበት በኩል ነው። ታክሁን ከነካራቫቱ ሮጦ ወረደ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን መግባት አቅቶት ቆመ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ፣ በጣም የደከመው ወጣት፣ ሙቀት ነው የገደላት አለ። «ስምንት ሰዓት ገደማ ነው የሞተችው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ቢያገኛት ኖሮ…» ብሎ የማልጃን ፊት ሲያይ ንግግሩን ቆረጠ። ማልጃ ከደረጃው ግርጌ ቆማ የነበረችው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ፖሊስም መጣ። ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፣ ሁለቱንም የመለሰው ቤ ነው። «የደም ግፊት ነበረባት። ቦታው ደግሞ የዕቃ ማከማቻ ነው፣ እዚያ መተኛት ክልክል ነው፤ ስንት ጊዜ ነግረናቸዋል መሰለህ!» ፖሊሱ ወደ ማልጃ ዞረ። «እናቴ፣ እውነት ነው?» ማልጃ ልጇን አየችው። ታክሁን የሆስፒታሉን ወለል ያያል፣ ጆሮው እንደ ልጅነቱ ቀልቷል። ሚስቱ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። እሷ ራሷም በሩን አልከፈተችም። ዝም አለች፤ ፖሊሱ ዝምታዋን እንደ አዎንታ ወስዶ ጻፈው።

የለቅሶው አዳራሽ እዚያው ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ በቁጥር የተለዩ ክፍሎች በተርታ፣ ለኦክኒም የደረሳት ስድስተኛው። ፎቶዋን በነጭ አበባ ከበቡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የበሬ ሥጋ ሾርባ ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ተቀመጡ። የቀሩት ሦስቱ የጽዳት ሴቶች አንድ ጥግ ይዘው፣ ማንኪያ ሳያነሱ ይተያያሉ። ታክሁን ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ እናቱን ለብቻዋ አገኛት።

«እማ፣ እዚያ እንደምትተኛ አላውቅም ነበር።»

«ታውቅ ነበር።»

«ፕላኑ ላይ…»

«ባለፈው የበረዶ ወራት ወርደህ ከእሷ ጋር ሩዝ በልተሃል። በእጇ ኪምቺ ቀድዳ አጎረሰችህ። ‹አክስቴ፣ እዚህ ይሞቃል፣ ደስ ይላል› አልካት።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «እኔም ሰባት ሰዓት ላይ ቡናህን ይዤ ወርጄ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ አየሁና ተመለስኩ።»

ታክሁን የአንዱን ለቀስተኛ ጫማ አንስቶ ያለ ምክንያት አቃንቶ አስቀመጠው።

የኦክኒም አንድያ ልጅ ናንሂ ከኢንቾን በባቡር መጣች። ልብሷን ሳትቀይር እናቷ ፎቶ ፊት ወድቃ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ጥቁሩን ልብስ ለበሰች፣ ማድረግ የሚገባትንም ማድረግ ጀመረች። ወንድም የላትም፣ አባቷ ሞቷል። ለቅሶ ተቀባይ ሆኖ ከሟቿ ፎቶ ጎን የሚቆም ወንድ ያስፈልጋል። ለቅሶ ተቀባዩ ክንዱ ላይ የሚያስረውን ባለ ሁለት መስመር የሐዘን ማሰሪያ ይዛ ታክሁን ፊት መጥታ ቆመች።

«አንተ ቁምላት።»

«እኔ አልችልም፣ ናንሂ።»

«እማዬ ከእኔ ይልቅ አንተን አዝላ ነው ያረጀችው። ሁልጊዜ ስትደውልልኝ ‹ታክሁን እዚህ አለ፣ እሱ ካለ ምን እሆናለሁ› ትለኝ ነበር። ወንድሜ፣ እባክህ።» ተንበረከከችለት። «የአዳራሹንም ነገር፣ የሐኪሙንም ነገር አንተ ነህ የጨረስክልኝ። በሕይወቴ አልረሳውም።»

ታክሁን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ጀርባው ግድግዳውን ነካ። ሦስቱ የጽዳት ሴቶች ከጥጋቸው ሆነው ማልጃን አዩአት። ታክሁን እዚያች ክፍል ወርዶ መብላቱን እነሱ ያውቃሉ። ማልጃ እንድትናገር እየጠበቁ እንደሆነ ማልጃ አወቀች፤ አሁን ካልተናገረች ከእንግዲህ እንደማትናገርም አወቀች። ናንሂን ብብቷን ይዛ አነሳቻት፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችላት፣ ማሰሪያውንም ከእጇ ወሰደች። ወደ ልጇ ሄዳ የቀኝ ክንዱን ያዘች። እጅጌው ላይ ጠቅልላ በመርፌ ቁልፍ ልታያይዘው ጀመረች። መርፌው ሁለት ጊዜ ሳተባት።

«እማ፣ ተይ» አለ በሹክሹክታ። «እባክሽ ተይ። ምን ብዬ ነው የምቆመው?»

ከበሩ ወዲያ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ዳይሬክተሩና ሱፐርቫይዘር ቤ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ከኋላቸው ሁለት ሰው የሚሸከመው ትልቅ የአበባ ጉንጉን አስይዘው ገቡ።

ማልጃ መርፌውን ቆለፈችውና የልጇን ኮሌታ አስተካከለች።

«ቁም» አለችው። «እንግዳ መጥቷል።»